ሦስተኛዋን አድምጪ

(ሱሉልታ ውስጥ ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

እንደምን አረፈዳችሁ ልጆቼ።

መምህራችሁ የድሮ ተማሪዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ቲቸር፣ ስለዚያች ቮልስዎ ለልጆቹ ይንገሩልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ አልኩ። ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ መጣ። የቮልስን ድምፅ አንዴ የለመደ ሰው አይረሳውም። ከኋላ ነው የሚመጣው። ደረቅ ነው፣ ይንተከተካል። ነዳጅ ስትለቁላት ደግሞ ጭሷ ከሚወጣባቸው ከሁለቱ ቱቦዎች ቀጭን ፉጨት ይሰማል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ከ30 ዓመት በላይ ሒሳብ ነው ያስተማርኩት። ስለ ሞተር ከእኔ የበለጠ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የመጣሁት አንዲት አሮጌ መኪና እንዴት ማዳመጥ እንዳስተማረችኝ ልነግራችሁ ነው። እሷን ያደምጡልኝ ስለነበሩት ሰውዬም እነግራችኋለሁ።

በ1986 ዓ.ም. ነው የገዛኋት። ያኔ አዲሱ ገበያ ነበር የምኖረው። የማስተምረው ደግሞ እዚህ ሱሉልታ። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቆሜ ቅጥቅጥ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ወተት ጭኖ ከተማ የገባ መኪና ሲመለስ ባዶውን የወተት ዕቃ ተደግፌ እመጣለሁ። ክረምት ሲሆን ክፍል የምገባው ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ ነው። አንድ አዛውንት የሥራ ባልደረባችን ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሊገቡ ሲሉ «ቮልሷን ውሰጃት፣ ላንቺ ትሆናለች» አሉኝ። በዚያው ወር ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። የአንገት ሐብሌንም ሸጥኩ። የጎደለውን በሦስት ወር ከፈልኳቸው።

ሊብሬው ላይ የተጻፈው 1965 ነው፣ በፈረንጅ። እኔ ስገዛት 29 ዓመቷ ነበር ማለት ነው። ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ ነው። በግራ በኩል ያለው የኋላ ፓራፋንጎ፣ የጎማው ክዳን፣ ተቀጥቅጦ የተቃና ስለሆነ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ወንበሮቿ ቀይ ፕላስቲክ ናቸው። ፀሐይ ላይ ከዋለች ውስጧ የሚሸት አንድ ሽታ ነበር፤ የቤንዚን፣ የአሮጌ ስፖንጅና የሙቅ ላስቲክ ሽታ ተቀላቅሎ። ያንን ሽታ ዛሬ ቢያመጡልኝ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።

ከአዲሱ ገበያ ወደዚህ ለመምጣት የእንጦጦን ጀርባ መሻገር አለ። ባሕር ዛፉን ሰንጥቃችሁ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ የሱሉልታ ሜዳ ፊታችሁ ይዘረጋል። አትሌቶቻችን እዚህ የሚለማመዱት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከፍታው 2,700 ሜትር ያህል ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ለሯጭ ሳንባ የሚከብደው አየር ለሞተርም ይከብዳል። የኔ ቮልስ 1,192 ሲሲ ነበረች። ፋብሪካ የሰጣት ጉልበት 34 የፈረስ ጉልበት ነው። ታዲያ በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ አስቡ። ይህንን ሰሌዳ ላይ ጽፌ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን አሠርቻቸዋለሁ። መልሱ 25 እንኳ አይሞላም። መስኮቱን እያሳየሁ «እዚያ የቆመችው መኪና ዛሬ ጠዋት 9 ፈረስ መንገድ ላይ ጥላ ነው የመጣችው» ስላቸው ፐርሰንት የማይገባቸው ልጆች እንኳ ገባቸው።

ዳገቱን የምወጣው በሁለተኛ ማርሽ ነው። ከባድ መኪና ከኋላዬ ከመጣ ዳር ይዤ አሳልፈዋለሁ። አልቸኩልም ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ያየሁትን የጠዋት ጭጋግ በኋላ በያዝኳቸው ፈጣን መኪኖች አላየሁትም።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ስማቸውን አልናገርም፤ በሕይወት ሳሉም ስማቸው ሲጠራ አይወዱም ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አዲሱ ገበያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ነበረቻቸው። ሙያውን የተማሩት በልጅነታቸው ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ዕቃ እያቀበሉ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ሮንዴላ… እነዚህ ቃላት ዛሬ የናንተም ቃላት ናቸው። ወደ አማርኛችን የገቡት እንደ ጋሼ ባሉ ሰዎች አፍ ነው። እባካችሁ አትተዋቸው። መጽሐፋችሁ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እወቁ፣ የጋራዡንም ስም እወቁ።

መጀመሪያ ቀን መኪናዋን ስወስድላቸው ኮፈኑን አልከፈቱም። ሞተሩን አስነሱኝና ከኋላ ሄደው ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም። ከዚያ «አጥፊያት። ነገ ጠዋት እኔው ቤትሽ እመጣለሁ። እንዳታስነሻት» አሉኝ።

በማግስቱ በ12 ሰዓት በሬ ተንኳኳ። የዚህች ሞተር ቫልቭ፣ አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው ትንሽ በር፣ የሚስተካከለው ሌሊቱን አድራ ስትቀዘቅዝ ብቻ ነው። ሞቅ ካለች ብረቱ ስለሚለጠጥ ልኩ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ጋሼ ሰው ሁሉ ሳይነሳ የሚመጡት። ጆንያ አንጥፈው ከኋላዋ ይንበረከካሉ። የቫልቮቹን ክፍተት በስስ ብረት ይለካሉ። እኔ ቡና አፈላለሁ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ እናደርግ ነበር፣ እሷን እስከሸጥኩበት ቀን ድረስ።

አንድ ጠዋት ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «ቲቸር፣ አድምጪ» አሉኝ። ሞተሩ ተነስቷል። ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ አለ። እኔ ብልሽት መሰለኝ። «ይኼ አያስፈራሽ። ድምፅ ያላት ቫልቭ እየሠራች ነው። ድምፅዋ የጠፋ ቀን ነው የሚያስፈራው፤ ጠብቃለች ማለት ነው፣ አልዘጋ ብላ ትቃጠላለች» አሉ። ከዚያ በጣታቸው እያመለከቱ «ከአራቱ ሁሉ ሦስተኛዋን አድምጪ» አሉኝ።

ለምን ሦስተኛዋ? ይኸው፣ መምህራችሁ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያቆመው ሞተር የዚያው ዘመን ነውና እዩት። ውሃ የሚባል የለውም። ራዲያተር የለም። ይህች ፋን ንፋስ ትስብና ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ትበትናለች። ግን እዚህ ጋ፣ በንፋሱ መንገድ ላይ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ቆሟል። ከእሱ ሥር ያለችው ሦስተኛዋ ናት። ንፋሱ ለእሷ ሲደርስ ተከልሏል፣ ሞቋልም። ስለዚህ ከሌሎቹ ይልቅ የምትጎዳው እሷ ናት። ፋብሪካው ራሱ ከዓመታት በኋላ ማቀዝቀዣውን ከቦታው አንስቶ ወደ ውጭ አወጣው። ጋሼ ይህን የሚያብራራ መጽሐፍ አላነበቡም። ብዙ ሞተር ፈትተው፣ የተቃጠለችውን ቫልቭ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ስላገኟት ነው ያወቁት።

የካርቡራቶሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀልበትን ዕቃ፣ ጉዳይ በአጭሩ ልንገራችሁ። በስስ አየር ላይ ቤንዚኑ ስለሚበዛ እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎቿ እንደ ከሰል ይጠቁሩ ነበር። ጋሼ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ቀዳዳ በጠበበች ቀየሩልኝ። ጭሱም ቀረ፣ ወጪውም ቀነሰ። አባይ በረሃ ስወርድ ግን የድሮዋን መልሰው ይገጥሙልኛል። ታች አየሩ ይወፍራል፤ እሷም ሌላ መኪና ትሆናለች።

አሁን መምህራችሁ የሚፈራው ታሪክ ላይ ደረስን። አይዞህ፣ ጥሩውን ነው የምናገረው።

ቮልሴ ባለ 6 ቮልት ነበረች። ዛሬ የምታውቋቸው መኪኖች 12 ናቸው። በ6 ቮልት የፊት መብራት ማለት በጭጋግ ውስጥ ኩራዝ ይዞ እንደመሄድ ነው። የሱሉልታን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሣሩ ነጭ ይሆናል። ሌሎች መምህራን ራዲያተራቸው እንዳይፈነዳ ማታ ውሃ ሲያፈሱ እኔ የሚፈስ ነገር የለኝም። ያ ትልቅ ጸጋ ነበር። ባትሪው ግን ይደክማል። ትምህርት ቤት ውዬ ማታ ልነሳ ስል ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ እህህ ብሎ ዝም ይላል።

ይህን ጊዜ ልጆቹ ደብተራቸውን ጥለው ይመጣሉ። ማንም አይጠራቸውም። አራት ከኋላ፣ ሁለት ከጎን። እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ረግጬ እጠብቃለሁ። «ቲቸር፣ ልቀቂ!» ሲሉ እለቃለሁ። እሷም ድንገት ትነሳለች፤ ልጆቹ በጭስ ውስጥ እየጮኹ ይሮጣሉ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ፣ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል የሚገፋው፣ መምህራችሁ ነው። አንድ ቀን አልሮጠም። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሎ «ቲቸር፣ ስትገፋ ለምንድነው የምትነሳው?» አለኝ። መልሱን በደንብ አላውቀውም ነበር። በቅዳሜው ጋሼ ጋ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሳቸው ዳስ አልጠፋም። ዛሬ እናንተ ፊት የቆመው በዚያ ጥያቄ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ልጆቹ ሌላም ጥያቄ ነበራቸው። «ቲቸር፣ ጃንሆይን የወሰደቻቸው ይቺ ናት?» መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስ እንደተወሰዱ ታላላቆቻቸው ነግረዋቸዋል። እኔም ልጅ ሆኜ ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ። ትልልቆቹ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው ያወሩት ስለ ሥልጣን ብቻ አልነበረም። «በቮልስ?» ይሉ ነበር፣ ደጋግመው። የዚያን ቀን ክብደት ለብዙ ሰው በዚያች ትንሽ መኪና በኩል ነው የገባው። ልጆቹን «አይደለችም» እላቸዋለሁ። ግን አንዳንዱ አያምነኝም ነበር፤ የኋላ ወንበሯን ዳሰስ አድርጎ ይሄዳል።

የማሞቂያዋን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በእጅ ፍሬኑ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አሉ። ስትስቧቸው በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀው አየር ወደ እግራችሁ ይመጣል። ከተማ ውስጥ ማንም አይነካቸውም። ሱሉልታ ላይ ግን በውርጭ ጠዋት ያቺ ሙቀት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ስትደርስ የእናቴ ምድጃ አጠገብ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ጭቃም አትፈራም። ሞተሯ ከኋላ፣ የሚነዱት ጎማዎችም ከኋላ ስለሆኑ ክብደቱ እዚያው ላይ ያርፋል፤ ቆንጥጣ ትወጣለች። ክረምት ላይ ከእሷ የገዘፉ መኪኖች ሰጥመው ሳለ በዳር አልፋቸው ነበር።

አሁን ስለ ቺንጋው፣ ፋኑን ስለሚያዞረው ቀበቶ። የዛሬው ንግግር በአንድ ታሪክ ብቻ ይለቅ ብትሉኝ የምመርጠው ይኸን ነው።

በ1989 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ፈተና አርሜ ከዚህ ስወጣ ወደ 12 ሰዓት ተቃርቧል። ዳገቱን እየወጣሁ ሳለ አንድ ድምፅ ጠፋ። መጣ አላልኩም፣ ጠፋ ነው ያልኩት። የሞተሩ ድምፅ አለ፣ ሥሩ ሁልጊዜ ያለው የፋኑ የንፋስ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ነው ቀዩ መብራት የበራው። ወዲያው አጠፋሁና ዳር ያዝኩ። ጋሼ መቶ ጊዜ ነግረውኛል፤ «ቀዩ ከበራ አንድም ሜትር እንዳትሄጂ። ቺንጋው ዲናሞውንም ፋኑንም ነው የሚያዞረው። እሱ ከተበጠሰ ሞተርሽ ያለ ትንፋሽ ነው የሚሠራው።»

ከኋላ ከፍቼ ሳይ ቺንጋው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። መለዋወጫ ቺንጋ በጋሼ ትእዛዝ ሁልጊዜ ወንበር ሥር አለ። ቁጥር 21 ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ አለኝ። ሲሠራ አይቻለሁ። በእጄ ግን ሠርቼው አላውቅም። ሰማዩ እየጠቆረ ነው፣ ሞተሩ ገና አይነካም።

በዚህ መሀል ከጫካው ውስጥ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ወጡ። የእንጦጦ እናቶችን ታውቋቸዋላችሁ። ከወገባቸው እስከ መሬት ጎንበስ ብለው፣ ከራሳቸው የሚከብድ ባሕር ዛፍ ጀርባቸው ላይ። አንዷ አዛውንት ሸክማቸውን ግንቡ ላይ አሳረፉና «ምን ሆነብሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ሌሎቹ ሄዱ፤ እሳቸው ቀሩ። «በዚህ ሰዓት ብቻሽን ትቼሽ አልሄድም» አሉ።

ሞተሩ ሲበርድ ጀመርኩ። ካቻቢቴውን በፑሌጃው፣ ቺንጋው በሚዞርበት ክብ ብረት፣ ጥርስ አስገብቼ ዲናሞው ላይ አስደገፍኩ። ቁልፉን ስጫነው እጄ ተንሸራቶ ጣቴን ቀደደው። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ተፈታ። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል። መሀሉ ላይ ስስ ሮንዴላዎች፣ ቀዳዳ ያላቸው ክብ ብረቶች፣ አሉ። የቺንጋው ጥብቀት የሚለካው በእነሱ ነው፤ መሀል ከበዙ ይላላል፣ ካነሱ ይጠብቃል። የተረፈው ደግሞ እንዳይጠፋ ውጭ፣ ከብሎኑ ሥር ይቀመጣል። አንዷ እንኳ ሣር ውስጥ ብትወድቅ አለቀልኝ። እናትየው መዳፋቸውን ዘረጉ። እየቆጠርኩ አስቀመጥኩላቸው። ያ መዳፍ እንጨት የሸከሸከው፣ እንደ ቅርፊት የደረቀ ነበር። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አላንቀሳቀሱትም። «ስንት ልስጥሽ?» ይሉኛል፤ አንድ በአንድ እቀበላቸዋለሁ።

ገጠምኩ። በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት፤ አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ገባ። ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ቁልፉን ሳዞር ተነሳች። ቀዩ መብራት ጠፋ። የፋኑ ድምፅ ተመለሰ። እናትየው እልልታውን ለቀቁት፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ብቻቸውን። እኔ አለቀስኩ።

ሸክማቸውን ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶባጋሊዮው ላይ አሰርነው። ከጎኔ ተቀመጡ። ቁልቁል ስንወርድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። መኖሪያቸው ጋ ስንደርስ «ይኼን መንገድ ስወርደው ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር» አሉኝ።

በማግስቱ ለጋሼ ነገርኳቸው። የቀደድኩትን ጣቴን አይተው «አሁን መኪናዋ ያንቺ ሆነች» አሉኝ።

እንዲህ ዓይነት መኪና ዓለም ላይ 21,529,464 ተሠርቷል። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። ወሬውን ስሰማ የኔዋ ደጅ ቆማ ነበር፤ ወጥቼ አጠብኳት።

በ2002 ዓ.ም. ሸጥኳት። እዚሁ ሱሉልታ ቤት እየሠራሁ ነበር፣ ግድግዳው ቆሞ ለጣሪያ ጎደለኝ። ክረምት መጣ። ምርጫ አልነበረኝም። የገዛት ወጣት አባቱ በቮልስ ትምህርት ቤት ያደርሱት የነበረ ልጅ ነው፤ ሲነዳት ፊቱን አይቼ ትንሽ ተጽናናሁ። ከሄደ በኋላ ጓዳ ስገባ የመሣሪያ ከረጢቷ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ አገኘሁት። ደወልኩለት። «ይያዙት እትዬ፣ እኔ ሌላ አለኝ» አለኝ። ጣሪያዬ ላይ ዝናብ ሲወርድ እስከ ዛሬ እሷን አስባለሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እናንተ የምትሠሩት በኤሌክትሪክ መኪናና በኮምፒውተር ነው። ደስ ይለኛል፤ የዚህን ከተማ ጭስ ለረጅም ዓመት ተንፍሼዋለሁ። ግን አገራችን ውስጥ ገና ብዙ አሮጌ መኪኖች አሉ፣ የሚያውቋቸው ሰዎችም እያረጁ ነው። ጋሼ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ያን ሁሉ ጠዋት አብሬያቸው ቡና ስጠጣ አንድ ደብተር ይዤ ብቀመጥ ኖሮ እላለሁ። ከሚያውቁት ግማሹን እንኳ አልጻፍኩም። በየሰፈራችሁ እንደሳቸው ያለ ሰው አለ። ዳሱን ታውቁታላችሁ። ሂዱና ዕቃ አቀብሉት።

ከረጢቱን ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ይኸው። ቁጥር 21 ቁልፍ፣ ካቻቢቴው፣ ፒንሳ፣ ሮንዴላዎቹ በክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ ያልተነካ አንድ ቺንጋ። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ወርክሾፕ ነው። ሞተሩም እዚህ አለ። ካቻቢቴውን እዚህች ጥርስ ላይ ታስደግፋላችሁ፣ ቁልፉን በቀስታ ትጫኑታላችሁ።

ማን ይጀምራል? ነይ አንቺ፣ ከኋላ የተቀመጥሽው። እጅሽ ቢቆሽሽ ውጭ ውሃ አለ። አንተ ደግሞ መዳፍህን ዘርጋላት፣ ሮንዴላዎቹን ያዝላት።